አምስት ሰዓት በፕራግ

ጠዋት ጠዋት፣ የፕራግ አሮጌው ከተማ በሮች ለጎብኚ ከመከፈታቸው በፊት፣ መጀመሪያ የሚለቀቀው የዳቦ ሽታ ነው። የሚወጣው ከግድግዳ ቀዳዳ ነው። ቀጥሎ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰቀላል፤ ማክሰኞ አንሶላ፣ ሐሙስ የሕፃን ልብስ። በሠፈሩ ሕፃን ከተወለደ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ልብሱ ግን ሐሙስን ስቶ አያውቅም። ከዚያ ነዋሪዎቹ ይገባሉ። ነዋሪ ማለት ሁለት ሰዓት ላይ ፈርሞ ገብቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈርሞ የሚወጣ ተቀጣሪ ነው። በመስኮት ብቅ ይላል፣ አበባ ያጠጣል፣ ድመት ይጠራል። የሚያናግረው የለም። ጎብኚው ምስል የሚያሳየውን መነጽሩን አድርጎ፣ ጆሮው ውስጥ የተሰካችው ድምፅ "ወደ ግራ፣ ሰባት እርምጃ፣ ቁም፣ ተመልከት፣ በቃ" ስትለው፣ እንዳለችው እያደረገ ያልፋል።

በ2080 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ውስጥ በአፉ የሚያስጎበኝ ሰው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሷም ኤልዳና ናት።

ኤልዳና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። እንደ ዘመኗ ሰው ሁሉ የሕፃን ስም ይዛ አርጅታለች። በእሷ ዕድሜ ያሉት ሴቶች በሙሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ሄራን ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ፀጉሯን በሪባን ያሰረች ልጅ ብቅ የምትል ይመስላል፣ የምትመጣው ግን ወገቧን የያዘች ባልቴት ናት። ከአዳማ የመጣችው በሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያኔ ስድስት መቶ አስጎብኚዎች ነበሩ፣ ጃንጥላቸውን ወደ ላይ ቀስረው "በዚህ! በዚህ!" እያሉ ሕዝቡን የሚመሩ። ጆሮ ውስጥ የምትሰካው ጆሮ ገብ መጣችና አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ኤልዳና የቀረችው ጎበዝ ስለሆነች አይደለም (ጎበዝ ነበረች፣ እሱስ አይካድም)። በአንድ የተረሳ ደንብ ላይ "በግንቡ ሰዓት ሥር አንድ ሰው ይቁም" የሚል መስመር ስለነበረ ነው።

እና ቆመች። በአደባባዩ ጥግ፣ ስድስት መቶ ዓመት ባለፈው የግንብ ሰዓት ሥር፣ በበጋም በክረምትም ያንኑ ቀይ ጃንጥላ ይዛ። ሥራዋ ወደ ላይ መጠቆም ብቻ ነበር። እሷ ግን አንድ የማይፈቀድ ነገር ታደርግ ነበር፦ "እስቲ አንዴ መነጽራችሁን አውልቁ" ትላለች። ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ ልብሳችሁን አውልቁ የተባሉ ያህል። የሚያወልቁት ከመቶ አምስት ቢሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ማውለቅ ከሥራ ነጥቧ ይቀነስባታል። ግድ የላትም። "ይቀንሱ፤ ነጥቡን መቃብር አልወስደው" ትላለች፣ ለራሷ፣ በአማርኛ።

በነሐሴ መጀመሪያ ክላራ መጣች። ክላራ አሮጌውን ከተማ በኮንትራት የሚያስተዳድረው ድርጅት ሰው ናት፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ትሑት።

"ፓኒ ኤልዳና፣ ሰዓቱ ሊወርድ ነው" አለቻት፤ ፓኒ በእነሱ ወይዘሮ ማለት ነው። "ዋናው ዕቃ ተራራ ሥር ባለ መጋዘን ይቀመጣል፣ እዚያ እርጥበትም ንዝረትም የለም። እዚህ ባዶ ግድግዳ ይሆናል። ጎብኚው ልዩነቱን አያውቀውም፤ በመነጽሩ ዛሬ ካለው አምሮ ይታየዋል።"

"እኔስ?"

"እርስዎ የተመደቡት ለሰዓቱ ነው።"

ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ስትናገር የኤልዳናን ክንድ ያዝ አድርጋ ነበር። ቁጥሩንም አሳየቻት፦ በሰዓቱ መሀል ያለው ሰማያዊ ገበታ ላይ የአንድ ጎብኚ ዓይን የሚያርፈው በአማካይ ለሰከንድ ሲሶ ነው። "ማንም የማያነበው ነገር ነው፣ ፓኒ ኤልዳና። በዓለም ላይ በዚህ ገበታ ቀኑን የሚቆጥር ሰው የለም።"

ኤልዳና ቀና ብላ ገበታውን አየች። እውነቱን ለመናገር የሥራው ነገር አልነበረም የከነከናት፣ ጡረታዋ ደርሷል። በዚህ ሁሉ አገር፣ በዚህ ሁሉ ማማና ሕንጻ ላይ፣ የእሷ ሰዓት የተጻፈበት ቦታ ያ ሰማያዊ ገበታ ብቻ ነበር። እሱን ነው መጋዘን የሚከቱት።

ነገሩ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት የጀመረ ነው። በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዋ "ነገ በሦስት ሰዓት ቡድንሽን ከሰዓቱ ሥር አምጪ" አላት። ሦስት ሰዓት! የአዳማ ልጅ ሦስት ሰዓት ስትባል ምን ትሰማለች? ጠዋት ነዋ። ሠላሳ ሰው ከቁርሱ አስነስታ፣ ግማሹ እንቁላሉን እያላመጠ፣ በካፊያ እየነዳች አመጣች። ቆሙ። ጠበቁ። የሚቀበላቸውም የሚያስገባቸውም ጠፋ። አለቃው ያሰበው ከቀትር በኋላ ያለውን የእነሱን ሦስት፣ የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ያን ዕለት ቢሮ ሙሉ ሰው ሳቀባት፤ አንዱማ "አገሯ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው" አለ።

ከግንቡ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አንዲት ትንሽ በር ተከፈተችና እጁ ዘይት በዘይት የሆነ ሰው ወጣ። የሰዓቱ ጠባቂ ፓን (አቶ) ኦታካር ነበሩ። ምን ሆነሽ አሏት። ነገረቻቸው፤ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሲሞላ አንድ ሰዓት እንላለን፣ እኩለ ቀን ስድስት ነው፣ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት፣ እኔ ጅል ሆኜ አይደለም፣ አለች እየተንሰቀሰቀች። አዛውንቱ (ያኔ እንኳ አዛውንት አልነበሩም፣ ለእሷ ነው የመሰሏት) አልሳቁም። እጇን ይዘው ወደ አደባባዩ አወጧትና ወደ ላይ ጠቆሙ።

"ሰማያዊውን ታያለሽ? ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት የተቆጠሩት የወርቅ መስመሮች? ያቺ የወርቅ ፀሐይ በእነሱ ላይ ነው የምትሄደው። ከንጋት እስከ ምሽት አሥራ ሁለት። የድሮ ሰዎች እንዲህ ነበር የሚቆጥሩት። እዚህ የሚያነበው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆነው።" ቀና ብለው አዩ። "አሁን የት ናት?"

ኤልዳና ዓይኗን ጠረገች። የወርቅ ፀሐይዋ ሦስተኛውን መስመር አልፋ ቆማለች።

"ሦስት ሰዓት" አለች።

"እንግዲህ አልተሳሳትሽም" አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት የእጅ ሰዓት አሠረች። በግራ እጇ በግልጽ የነሱን፣ በቀኝ እጇ እጅጌዋ ሥር ደብቃ የራሷን። የግንቡን ሰዓት ጠባይም አንድ በአንድ ተማረች። ክረምታቸው ሲመጣ፣ ቀኑ ሲኮማተር፣ የሰማያዊው ገበታ ሰዓት አብራ ታጥራለች፤ በጋ ላይ ትለጠጣለች። ከአዳማ ሰዓት ጋር ልክ ለልክ የሚገጥመው ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ነው። ያን ጊዜ ኤልዳና ሥራ ቦታዋ ላይ አንድ ደስ የሚል ስሜት ይሰማት ነበር፣ ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

እና አሁን ይወርዳል አሉ።

የከተማውን ደንብ አገላበጠች። ፓን ኦታካርም፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ቢሆንም፣ ከእሷ እኩል አገላበጡ። አንድ አንቀጽ አገኙ፦ ለተሠራለት አገልግሎት ዛሬም የሚውል ዕቃ ከቦታው አይነሳም። ለቅርስ ኮሚቴው ጻፉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ ናቸው፣ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ አንድ ሰው አይበቃም፤ ቢያንስ አሥር ሰው በዚህ ገበታ ቀጠሮ ይዞ፣ ያለ መነጽርና ያለ ጆሮ ገብ በቀጠሮው ይገኝ። ቀኑ መስከረም አሥራ ሁለት።

ፓን ኦታካር ቀኑን ሲያዩ ሳቁ። "ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ቀን ሰጡን። ሳያውቁት።"

አሥር ሰው ከየት ይምጣ? በፕራግ ያሉት ሐበሾች ሰዓት ማየት ከተዉ ቆይተዋል፤ ጆሯቸው "አሁን ተነስ" ይላቸዋል፣ ይነሳሉ። ልጆቻቸውማ የሐበሻ ሰዓት ሲባሉ "ሐበሻ የራሱ ሰዓት አለው እንዴ?" ይላሉ። ኤልዳና ሦስት ሳምንት በር አንኳኩታ አንድም ሰው አላገኘች። ተስፋ ቆርጣ ጃንጥላዋን ይዛ በቆመችበት፣ መስከረም አሥራ አንድ ቀን፣ ከደሴ የጡረተኛ መምህራን ማኅበር መጣ።

ሃያ ሰባት ናቸው። ዘመኑ የእነሱ ነው፤ የፕራግን መንገድ የሚሞሉት ከአዲስ አበባ፣ ከሌጎስና ከኪንሻሳ የመጡ ጡረተኞች ከሆኑ ቆየ። ሁሉም መነጽር አድርገው፣ ተሰልፈው፣ ጆሯቸው እንዳዘዛቸው ቆሙ። ኤልዳና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። እስቲ አንዴ መነጽራችሁን አውልቁልኝ።"

"ውይ! ሐበሻ ናት!" አሉ ከፊት ያሉት ሴትዮ። እትዬ ሂክማ ይባላሉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አፋቸውን ግን አያማቸውም። "ማርየ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይቺ ጆሮዬ ውስጥ ያለችው ስትለፈልፍብኝ፣ ሰው የሚያናግረኝ ጠፍቶ!" መነጽራቸውን መንጭቀው አወለቁ። እሳቸው ካወለቁ ማን ይቀራል? ሃያ ሰባቱም አወለቁ።

ኤልዳና ወደ ሰማያዊው ገበታ ጠቆመች። ምንም አላስረዳችም። "ስንት ሰዓት ነው?" አለች ብቻ።

ሃያ ሰባቱም አንጋጠጡ። ከዚያ መምህር ባሮክ የተባሉት ረጅም የሂሳብ አስተማሪ ዓይናቸውን አጥብበው፣ "አራት ሰዓት ካለፈ… ወደ አምስት" አሉ። "ቆይ እንጂ። ይሄ እኮ የኛ ሰዓት ነው!"

"የኛ ነው!"

"አቦ! እዚህ ምን ይሠራል?"

"እነሱስ ከየት አመጡት?"

ጫጫታው አደባባዩን ሞላው። በሰልፍ የሚያልፉት ሌሎች ጎብኚዎች ቆም ብለው አዩአቸው፣ ጆሯቸው እንዳልፈቀደላቸው ሲያስታውሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እትዬ ሂክማ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው ቆሙ። እንባ አቅርረዋል። "አገር ቤት ሆኜ እንዲህ ኮርቼበት አላውቅም" አሉ። "ሁሌ ለፈረንጅ ስድስት ቀንስ፣ ስድስት ደምር ስንል ኖርን። ለካ እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቅለውልናል።"

ኤልዳና ያኔ ነገሩን ዘረገፈችው፤ መጋዘኑንም፣ አንቀጹንም፣ የነገውንም ፈተና። "ጉዟችሁ ነገ ሌላ ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አሥር ሰው ብቻ ብታዋጡልኝ…"

"አሥር ብሎ ነገር የለም" አሉ መምህር ባሮክ። "ማኅበር ነን። ሃያ ሰባታችንም።"

"አብሽሪ" አሏት እትዬ ሂክማ፣ ትከሻዋን መታ እያደረጉ። "ስንት ሰዓት ላይ እንገኝ?"

"አምስት ሰዓት። ከዚህ ሥር።"

ኤልዳና ያን ዕለት ማታ ደስ ብሏት አውቶቡስ ተሳፈረች። ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች ነው አንድ ነገር ትዝ ያላትና ያላባት። ለምን እንዳላባት እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀጠሮ የሰጠችው ለሐበሻ ነው!

በማግስቱ ጠዋት ክላራ የፈተናውን ደንብ አነበበች። መምህራኑ መነጽርና ጆሮ ገባቸውን በር ላይ ያስረክባሉ። ሐውልት የተደረደረበትን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረው፣ ወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ መንግሥት አደባባይ ይወሰዳሉ። ከዚያ ማንም ሳይመራቸው ይመለሳሉ። ኤልዳና ከኮሚቴው ጋር ሰዓቱ ሥር ትቆማለች፣ ንቅንቅ የለም። "ያለ ጆሮ ገብ አንድ ጎብኚ በአማካይ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል" አለች ክላራ። "አይጨነቁ፤ የጠፋ ሰው የሚሰበስቡ ሠራተኞች በየማዕዘኑ አቁሜያለሁ።" ከልቧ ነው የተናገረችው፣ ያ ነው የሚያናድደው።

አራት ተኩል ሆነ። ሰብሳቢዋ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ አባላት ከጎናቸው። ፓን ኦታካር ትንሿ በር ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው ዛሬም ዘይት ነክቶታል። ኤልዳና ጃንጥላዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ወደ አምስት ሰዓት ሲጠጋ ከሰዓቱ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ተከፈቱ። የእንጨት ሐዋርያት በየተራ ብቅ እያሉ አለፉ፣ ከሰዓቱ ጎን የቆመው የአጽም ሐውልት የደወሉን ገመድ ሳበ፣ የወርቁ ዶሮ ጮኸ። ደወሉ በእነሱ ቁጥር አሥራ አንድ ጊዜ መታ። በእኛ አምስት መሆኑ ነው። ኤልዳና ከዶሮው ጩኸት ጋር ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ አየች። ማንም የለም።

ሁለት ደቂቃ። አራት ደቂቃ። ምን ልሁን አለች በሆዷ። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ መርጬ፣ በሰዓቱ መገኘትን ለማስመስከር፣ ሐበሻ ላምጣ? ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ሲሰበስብ የኖረ ሰው እንዲህ ይሳሳታል? በአንድ በኩል ሳቋ ሊመጣ ነበር፣ በሌላ በኩል ዕንባዋ።

ስድስት ደቂቃ ሲሆን ክላራ በትህትና ጉሮሮዋን ጠረገች። "እሰበስባቸዋለሁ" አለች። "እስካሁን ግን… ሠራተኞቼ አንድም የጠፋ ሰው አላገኙም። ይገርማል።"

አይገርምም ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ወንዙ ማዶ የሆነው እንዲህ ነው። መምህር ባሮክ የፀሐይዋን ከፍታና የቤተ መንግሥቱን ማማ ጥላ አይተው "አራት ሰዓት ሆኗል፣ እንውረድ" ብለው ሁሉንም አስነሱ። ጊዜው ይበቃል፣ ይተርፋል። ግን እትዬ ሂክማ ሦስት መቶ ደረጃ ወርደው ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው እምቢ አለ። "ሂዱ እናንተ፣ እኔን ተዉኝ፤ አሥር ሰው ነው የፈለገችው" አሉ። ማን ሰምቷቸው! ሃያ ስድስት ሰው ቁጭ አለ። አንዷን ጥሎ መሄድ የሚባል ነገር በደሴ መምህራን ማኅበር ደንብ ላይ የለም፣ በአፍ እንኳ አይነሳም።

መንገዱም ጠፍቷቸዋል። ግን የጠፋው ሐበሻ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል። የሚጠየቅ ሰው ሲፈልጉ፣ በመስኮት አበባ የሚያጠጣ ነዋሪ አዩ። "ወንድሜ! ሰዓቱ በየት ነው?" አሉት በሚችሉት እንግሊዝኛ። ሰውየው ውሃ ማጠጫውን ጣለ። ዘጠኝ ዓመት ነዋሪ ሆኖ ሲሠራ አንድም ሰው ምንም ጠይቆት አያውቅም። ጠቆማቸው፤ መጠቆሙ አልበቃው ብሎ ወርዶ መጣ፣ ሊያደርሳቸው። ድመት የምትጠራዋም ነዋሪ ተከተለች። ዳቦ በጋሪ የሚገፋው ነዋሪ እትዬ ሂክማ የተቀመጡበት ድንጋይ አጠገብ ቆመና፣ ጋሪውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ዳቦውን ለመምህራኑ አከፋፈለው።

አደባባዩ ላይ መጀመሪያ የተሰማው የጋሪ መንኳኳት ነበር። ኤልዳና ዞረች።

በጠባቡ መንገድ አፍ ብቅ አሉ። ከፊት መምህር ባሮክ፣ በረጅም እግራቸው፣ የጦር አዛዥ መስለው። ቀጥሎ የዳቦው ጋሪ፤ በጋሪው ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዳቦ እየበሉ፣ እትዬ ሂክማ። ከኋላቸው ሃያ አምስት መምህራን፣ እያወሩና እየሳቁ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሰባት ስምንት የከተማው ነዋሪዎች፣ የሥራ ቦታቸውን ጥለው።

"መጣን ኤልዱዬ! ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እኔን ሲጠብቁ ነው!" ብለው ጮኹ እትዬ ሂክማ ከሩቅ።

ኤልዳና ጃንጥላዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ቀሰረችው፣ እንደ ድሮዋ። "በዚህ! በዚህ!"

ክላራ ቆጠረች። ሃያ ሰባት። አንድም አልጠፋም። ፊቷ ላይ የታየው ግራ መጋባት ነበር፣ ከዚያ የያዘችውን ደቂቃ መቁጠሪያ ተመለከተች፣ ሥራዋ ነውና። "መገኘታቸውን አከብራለሁ" አለች ለሰብሳቢዋ። "ነገር ግን ቀጠሮው አምስት ሰዓት ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። አንዳቸውም በሰዓቱ አልተገኙም።"

መምህር ባሮክ አንገታቸውን ደፉ። ኤልዳና ጃንጥላዋን ዘጋች። አሥራ አንድ ደቂቃ! ለአንድ ጉልበት፣ ለአንዲት ሴትዮ፣ ለአሥራ አንድ ደቂቃ።

"በየትኛው ሰዓት ነው አሥራ አንድ ደቂቃ ያለፈው?" አሉ ፓን ኦታካር ከትንሿ በር።

"በ… በትክክለኛው" አለች ክላራ።

"ቀጠሮው የተያዘው በዚህ ነው።" ሽማግሌው ቀስ እያሉ ወደ መሀል መጡና በዘይታም ጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። "ደቂቃውን ያሳዩኝ።"

ሁሉም ቀና አለ። ክላራም። ሰብሳቢዋ፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በዓይናቸው አዩ። ሰማያዊው ገበታ በጠዋቱ ብርሃን ያበራል። የወርቅ መስመሮቹ አሉ፤ የወርቅ ፀሐይዋ አለች። የደቂቃ ቆጣሪ ግን የለም። ኖሮም አያውቅም።

"ስድስት መቶ ዓመት ደቂቃ ሳያሳይ የኖረ ሰዓት ነው" አሉ ፓን ኦታካር። "ከአምስተኛው መስመር እስከ ስድስተኛው ያለው ሜዳ በሙሉ አምስት ሰዓት ነው። የሠሩት ሰዎች ለሰው ነው የሠሩት፤ ሰው ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል፣ ጓደኛውን ይጠብቃል።"

ሰብሳቢዋ ረጅም ጊዜ አዩ። ቀጥለው ወደ ጋሪው ዞሩ። "እመቤት" አሏቸው እትዬ ሂክማን፣ "ስንት ሰዓት ነው?"

ኤልዳና ተረጎመች። እትዬ ሂክማ ዳቦውን ዋጥ አደረጉና ቀና አሉ፤ የወርቅ ፀሐይዋ አምስተኛውን መስመር አልፋ ስድስተኛው ጋ አልደረሰችም።

"አምስት ሰዓት ነዋ!" አሉ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

አደባባዩ በሳቅ ሞላ። እትዬ ሂክማ ያሉት ምን እንደሆነ ነዋሪዎቹ እንኳ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። ሰብሳቢዋ ቅጹን አወጡ። ዕቃው ከቦታው አይነሳም በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ክላራ አልተቃወመችም፤ አሁንም ቀና ብላ ቆማ ነበር፣ መስመሮቹን በከንፈሯ እየቆጠረች።

"አንድ ቦታ ቀርቶኛል" አሉ ሰብሳቢዋ። "የተጠቃሚ ብዛት። ሃያ ሰባት ልበል ወይስ ከእርስዎ ጋር ሃያ ስምንት?"

ኤልዳና አገሯ ወዳለበት፣ ደቡብ ወደሚመስላት አቅጣጫ አየች፣ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እጅጌዋ ሥር የደበቀችውን ሰዓት ፈታች፣ የፈረንጁንም ፈታች። የራሷን በግራ እጇ፣ ሰው በሚያየው ቦታ፣ አሠረች።

"ሦስት መቶ ሚሊዮን" አለች።

ሰብሳቢዋ ቅጹን አዩት። ቦታው የተሠራው ለሁለት አኃዝ ብቻ ነበር። ብዕራቸውን እንደገና አነሱና በጠርዙ ላይ በእጃቸው ጻፉት።